ደሴት ለሱባኤ ነው ወይስ ለጭፈራ?

«እንደምን ሰነበቱ እትዬ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው፤ የ29 ዓመት መምህርት ነኝ። አራት ጓደኛሞች ሁለት ዓመት ዕቁብ ጥለን፣ የደረሰንን ሳንነካ አጠራቅመን፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ለሰባት ቀን የታንዛንያ ደሴት ወደሆነችው ወደ ዛንዚባር ልንሄድ ወስነናል። ትኬት ገና አልቆረጥንም። ሁለቱ የሚፈልጉት ጭፈራ ነው፤ የሙሉ ጨረቃ ፓርቲ የሚባል አለ አሉ። እኔ መጠጥ አልጠጣም፣ ዋናም አልችልም፤ ከጠመኔና ከጩኸት ርቄ ባሕር ዳር ተጋድሜ ማረፍ ብቻ ነው የምፈልገው። ለእናቴ ጫፉን ባነሣባት ‹ደሴትማ ሰው የሚሄደው ሊጸልይ ነው እንጂ ሊጨፍር ነው እንዴ?› ብላ ተቆጣችኝ። እናቴ የዘጌ ልጅ ናት። እንግዲህ ለሥልጠና አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብያት ልውጣ? ደግሞስ እንደኔ ያለ ሰው እዚያ ሄዶ ምን ያደርጋል?»

እኅቴ፣

በእናትሽ ንግግር መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ግን እውነታቸውን ነው አልሁ። ለዘጌ ልጅ «ደሴት» ሲባል ምን ይታየዋል? ጣና ነዋ! ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ። ክብራንና ዳጋ ደግሞ ሴት አያስገቡም። ስለዚህ ለእናትሽ ደሴት ማለት ከልጅነታቸው ጀምሮ ወንዶቹ ጧፍና ዕጣን ይዘው በታንኳ የሚሻገሩበት፣ እሳቸው ከዳር ቆመው የሚሳለሙት ቦታ ነው። አንቺ ደግሞ «አራት ሴቶች ሆነን ደሴት ሄደን ልንዝናና ነው» አልሻቸው። እኔም ብሆን ስኒዬን አስቀምጬ አፈጥብሽ ነበር።

ነገሩን ያነሣሁት ለቀልድ ብቻ አይደለም። እናትሽ የተቆጡት በጉዞው ይሁን በቃሉ ገና አልታወቀም። ጫፉን አንሥተሽ ሸሸሽ እንጂ መች አወራሽና።

ሥልጠና የሚለው ነገር አይሆንም። ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ ትቼዋለሁ፤ እኔ የምልሽ አያዋጣም ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩም ሲጠፋ ሲመጣ እንደከረመ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። «አዲስ አበባ ነኝ» ያለች ልጅ ስልኳ ሁለት ቀን እንቢ ቢል እናት የምታስበው ሥልጠናውን አይደለም፤ የዓባይ በረሃን ነው። ከዚያ አክስት ይደወልላታል፣ የአክስት ልጅ መሥሪያ ቤትሽ ድረስ ይላካል፣ ርእሰ መምህሩ «የምን ሥልጠና?» ይላሉ። አለቀ። ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ ጭፈራ ከሚወዱት ጓደኞችሽ አንዷ ቲክቶክ ላይ ትለጥፈዋለች። አንቺ ቦሌ ሳትደርሺ ቪድዮው ማርቆስ ገብቶ፣ ቡና ጠጥቶ ይጠብቅሻል።

ስለዚህ ንገሪያቸው። «ልሂድ ወይ?» ብለሽ አይደለም፤ በገዛ ደመወዝሽ የምትኖሪ የ29 ዓመት ሴት ነሽ። «ልሄድ ነው፣ ምርቃትሽን እፈልጋለሁ» በያቸው። ቡናው አቦል ላይ እያለ አታንሺው፤ በረካ ላይ ሰው ሁሉ ልቡ ይለዝባል። አብራችሁ የምትሄዱትን ሦስቱንም በስማቸው ንገሪያቸው፤ በተለይ እናቷን የሚያውቋት ካለች ከእሷ ጀምሪ። የሆቴሉን ስምና ስልክ በወረቀት ጽፈሽ ቡፌው ላይ ለጥፊላቸው። በየማታው ስንት ሰዓት እንደምትደውዪም ቁረጪላቸው፤ ሰዓቱ አንድ ስለሆነ ማስላት የለበትም። እንዲያውም የሚገርምሽን ልንገርሽ፦ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ነው። እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት የምንለውን እነሱም «ሳ ሞጃ» ይሉታል፤ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ለእናትሽ ይህን ብትነግሪያቸው አገሩ ግማሽ በግማሽ ይቀርባቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተታችሁ ልግባ። እሱም ውሸቱ ሳይሆን ወሩ ነው።

ዳግማይ ትንሣኤን ለምን እንደመረጣችሁት ይገባኛል። ሁለት ወር ጾማችሁ፣ ከፊታችሁ ጾም የሌለበት ሃምሳ ቀን ተዘርግቶ፣ ዓሣውም ዶሮውም ሲፈቀድ መሄድ ነው። ችግሩ ያ ወቅት በዛንዚባር ትልቁ የዝናብ ወቅት ነው። «ማሲካ» ይሉታል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ ሚያዝያ ላይ ይብሳል። ዝናቡም እንደኛ ከሰዓት በኋላ መጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ ሲያሻው ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሽ ይዘጋሉ፤ ያልተዘጉት ዋጋ ይጥላሉ። ርካሽ አገኘን ብላችሁ ደስ ካላችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

ያንቺ ክረምት ግን የነሱ ደረቅ ወቅት ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ዝናቡ ይቆማል፣ ሙቀቱም ረገብ ይላል፤ ከደቡብ ምሥራቅ «ኩሲ» የሚሉት ነፋስ ይነፍሳል። ማርቆስ በጭቃና በጉም ተውጣ፣ የጮቄ ብርድ አጥንት ሲሰረስር፣ ትምህርት ቤትም ተዘግቶ፣ አንቺ እዚያ በነጠላ ተቀምጠሽ ማለት ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል። ከዚያ እስከ እንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ግድም አለሽ። ከርእሰ መምህርሽ ፈቃድ አትለምኚ፣ ጾም አትሽሪ፣ እናትሽንም በበዓል ቀን ብቻቸውን አትተዪ። ዋጋው ሚያዝያ ላይ ከምታገኙት ይወደዳል፤ ወቅቱ ፈረንጅ የሚበዛበት ነውና። እኔን ከጠየቅሽኝ ከሰባት ቀን ሁለቱን ቀንሼ በደረቅ ወቅት እሄዳለሁ።

ስለ ቦታው የምነግርሽ ራሴ ተታልዬ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ከእኅቴ ልጅ ጋር ሄጄ፣ በፎቶ ያየነውን ሰማያዊ ባሕር አምነን ከደሴቲቱ ምሥራቅ ጃምቢያኒ አጠገብ ክፍል ያዝን። ማታ ደረስን፤ ባሕሩ ደጃፋችን ድረስ መጥቶ ይጮሃል። ጠዋት በደስታ ነጠላዬን ለብሼ ብወጣ ባሕሩ የለም! ሄዷል። እስከ ዓይኔ ጥግ እርጥብ አሸዋና ድንጋይ ብቻ። የእኅቴ ልጅ «እትዬ፣ ሰርቀውናል» አለችኝ።

ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ጣናን ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም፤ ጣና ከክረምት እስከ በጋ ቀስ ብሎ ይሙላ ይጉደል እንጂ በጠዋት ተነሥቶ አይሄድም። ዛንዚባር ዙሪያ ግን ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ከሦስት ሜትር በላይ ልዩነት አለ። በምሥራቁ በኩል፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ መሬቱ ዝርግ ስለሆነ ባሕሩ ሲሸሽ እጅግ ይርቃል። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ቶሎ ስለሚጠልቁ ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠፋባቸውም።

እንግዲህ ልብ በይ፤ የጓደኞችሽ ፓርቲ የሙሉ ጨረቃ ነው። ምሥራቅ ይዛችሁ በሙሉ ጨረቃ ብትሄዱ ባሕሩ አብዝቶ በሚሸሽበት ሳምንት ደረሳችሁ ማለት ነው። ደግነቱ የሙሉ ጨረቃ ጭፈራ የሚታወቀው ኬንድዋ ነው፤ ኬንድዋ ደግሞ ውኃ የማይጠፋባት ናት። ስለዚህ ነገሩ ራሱ ይታረቃል፦ መጀመሪያ ሦስት ሌሊት ሰሜን፣ ጭፈራውን እዚያ ጨርሳችሁ፣ ከዚያ አንቺ የምትፈልጊው ጸጥታ ወዳለበት ወደ ምሥራቅ። መኪናው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው።

ምሥራቁን አታጥላዪው ደግሞ። ያን ጠዋት ተናድጄ ቆሜ ሳለሁ ሴቶች ቀሚሳቸውን ወደ ላይ አስረው ወደ እርጥቡ አሸዋ ወረዱ። ጎንበስ ብለው በእንጨት ካስማ መካከል ገመድ እየወጠሩ «ምዋኒ» የሚሉትን የባሕር ሣር ያስራሉ። አድርቀው ይሸጡታል፤ ከውስጡ የሚወጣው ነገር ለምግብም ለጥርስ ሳሙናም ማወፈሪያ ይሆናል። ወገባቸውን አጥፈው ተደርድረው ሲሄዱ በነሐሴ ጤፍ የሚያርሙ የቢቸና ሴቶችን መሰሉኝ። ልዩነቱ እኛ ሣሩን እንነቅላለን፣ እነሱ ይተክላሉ። ከሆቴሉ ገንዳ ይልቅ ያን ማየት ይሻለኝ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥሁ። ትከሻዬ የተቃጠለውም ያኔ ነው። እኛ ደገኞች ፀሐይ እናውቃለን ብለን እንኮራለን፤ ከምድር ወገብ ስድስት ዲግሪ ብቻ ወረድ ብሎ፣ ከአሸዋና ከውኃ ተንጸባርቆ የሚመጣው ግን ሌላ ነው፤ ነፋሱ ስለሚያበርድሽ መቃጠልሽም አይታወቅሽም። ሰንስክሪን ግዢ፤ ቅቤ አይበቃም።

ዋና አልችልም ስላልሽው፣ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉ የለ? ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን፤ ዓባይ በደጃችን እያለፈ ጉልበታችን እስኪርስ እንኳ አንገባም። ከመሄድሽ በፊት ባሕር ዳር ሁለት ሳምንት ተቀምጠሽ ገንዳ ባለው ሆቴል አሠልጣኝ ያዢ። ጣናው ውስጥ አትለማመጂ፤ ቢልሃርዚያ አለበት፤ ዓባይ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። ሁለት ሳምንት ዋናተኛ አያደርግሽም፤ ግን ፊትሽን ውኃ ሲነካው እንዳትደነግጪ ያደርግሻል። እዚያም ከወገብ በላይ አትግቢ፤ ጀልባ ላይ ስትወጪ የመንሳፈፊያ ጃኬቱ በልክሽ መሆኑን እዪ። ባሕሩ ሲሸሽ በባዶ እግር አትሂጂ፤ የባሕር ጃርት አለ፣ እሾሁ እግር ውስጥ ይሰበራል። «እያሳሳቀ ይወስዳል ውኃ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ባሕር ነው። ወገብ ላይ የነበረው ቆመሽ ስታወሪ አንገት ይደርሳል።

ጭፈራው ላይ ግን እኔ ከጓደኞችሽ ጋር ነኝ። ሁለት ዓመት ዕቁብ የጣሉ ሰዎች አንድ ሌሊት ይጨፍሩ! አንቺም ሂጂ፤ ያልጠጣ አይጨፍርም ያለሽ ማን ነው? እስክስታ የምትችል የጎጃም ሴት አሸዋ ላይ ስትወርድ ፈረንጁ ሁሉ ክብ ሠርቶ ያያል፤ ዓይኔ ያየው ነው። ነገር ግን ከመነሣታችሁ በፊት፣ እዚሁ ማርቆስ ተቀምጣችሁ፣ የምትጨፍሩባቸውን ሌሊቶች ቁጥር ወስኑ። ሁለት ይበቃል። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ «ዛሬም እንውጣ»፣ «አይ እንረፍ» እየተባለ በሦስተኛው ቀን ትኮራረፋላችሁ። የጓደኛሞችን ጉዞ የሚያበላሸው ባሕሩ አይደለም፣ ይኸው ነው። አብራችሁ የወጣችሁ አብራችሁ ግቡ፤ አንዷ ቀረች ብላችሁ አትተኙ። ብርጭቆሽ ከእጅሽ ከወጣ ያው ጁስም ቢሆን ሌላ ቅጂ። ለሚጠጡትም ንገሪያቸው፦ ኮክቴል የሚሉት ጣፋጭ ስለሆነ አረቄ አይመስልም፤ አረቄ ግን ቢያንስ ገና ሲሸት ያስጠነቅቃል።

ሌላው ነገር ልብስ ነው። የዛንዚባር ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። በሆቴሉ ባሕር ዳር የፈለጋችሁትን ልበሱ፤ መንደርና ከተማ ስትገቡ ግን ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ መንገድ ላይ ቢራ ይዞ መሄድም ነውር ነው። ይህን ለእኛ ማስተማር አያስፈልግም፤ አንድ ሰው በዋና ልብስ ማርቆስ ገበያ ቢገባ ምን እንደምንል እናውቀዋለን። ፎቶ የሚለጠፈውም አራታችሁ ስትስማሙ ብቻ ይሁን።

ወረቀቱን ባጭሩ። የቢጫ ወባ ክትባት ውሰዱ፤ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ካርዱን ይጠየቃል። ከመነሣታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወጋት አለበት፤ ከዚያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ቪዛውን እዚሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ጨርሱ፤ «ደርሰን እንወስዳለን» የሚላችሁን አትስሙ። ዛንዚባር ከመስከረም 2017 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ እንግዳ የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ታስገድዳለች፤ ሲጀመር 44 ዶላር ነበር። ዶላሩን ከባንክ ግዙ፤ ቴሌብር እዚያ የለም። በታንዛንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሻገሩ ወገኖቻችን ስለበዙ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲያዩ ጥያቄ ያበዛሉ። የመመለሻ ትኬት፣ የሆቴል ማረጋገጫና ከትምህርት ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በእጅሽ ይሁን። አትቆጪ፤ ወረቀቱን አሳይተሽ እለፊ።

ሁለት ነገር ሻንጣችሁ ውስጥ እንዳይገኝ። አንዱ ጫት ነው። እዚህ በየመንገዱ ስለሚሸጥ ቀላል ይመስላል፤ ታንዛንያ ውስጥ ግን የተከለከለ ዕፅ ነው፣ ያሳስራል። ለጓደኛም ቢሆን አትያዙ። ሌላው ፌስታል። ከግንቦት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩ ሁሉ ፌስታል ከልክሏል፤ ዳቦ ቆሎሽንና በሶሽን በጨርቅ ከረጢት ያዢ።

ከከተማው ወደ ባሕሩ ስትወጡ፣ በተለይ በአሮጌው ከተማ በስቶን ታውን፣ «ጃምቦ ጃምቦ» እያሉ የሚከተሏችሁ ወጣቶች አሉ። ጀልባ፣ ቅመም፣ ዔሊ ያለበት ደሴት፣ ሁሉን እናሳያችኋለን ይላሉ። የአገሬው ሰው ራሱ «ፓፓሲ» ይላቸዋል፤ መዥገር ማለት ነው። ስሙን ያወቅሁት ከአንዱ ጋር ተስማምቼ ሙሉ ዋጋ ከከፈልሁ በኋላ ነው። አትክፈሉ አልልም፤ ሳትመለሱ ሙሉውን አትክፈሉ ነው የምለው።

ስቶን ታውን አንድ ቀን ስጡት። አንቺ መምህርት ነሽ፤ ተማሪዎችሽ ምን አየሽ ይሉሻል። እ.ኤ.አ. በ1873 የተዘጋው የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ ላይ ካቴድራል ተሠርቷል። ከአጠገቡ ካለው ሕንፃ ሥር ባሮቹ ታጉረውባቸው ነበር የሚባሉትን ክፍሎች ያሳያሉ፤ ጣሪያው ከመዝቀጡ የተነሣ ጎንበስ ብለሽ ነው የምትገቢው። ወጥቼ ለረጅም ጊዜ ከእኅቴ ልጅ ጋር አልተነጋገርንም። ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው ባሕር ዳር ሄደን የሸንኮራ ጭማቂ ጠጣን።

ሲሸልስስ ብላችሁ አስባችሁ ከሆነ፣ ቪዛ አትጠይቅም፣ ውብም ናት፤ ዕቁባችሁን ግን በሦስት ቀን ትጨርሰዋለች።

የቀረው የእናትሽ ነገር ነው። እናትሽ ለሻይ የሚጥሉት ቅርንፉድ ዛንዚባርን በዓለም ያሳወቃት ነው፤ ዛሬ አብዛኛው የሚለቀመው ጎረቤቷ ከሆነችው ከፔምባ ደሴት ነው። በምትነግሪያቸው ጊዜ እንቢ ካሉ ግትር አትበዪ፤ «ቅርንፉዱ ዛፍ ላይ ሆኖ አይቼው ልምጣልሽ» በያቸው። ከዳራጃኒ ገበያ ግማሽ ኪሎ ግዢላቸው፤ ቀረፋና ሄልም ጨምሪበት። ስትገዢ አሽትተሽ፣ በጥፍርሽ ጫን አድርገሽ ዘይቱ ከወጣ ነው የምትከፍዪ፤ ደርቆ የከረመውን ለእንግዳ ይሸጣሉ። ባዶ የጨርቅ ከረጢት ከቤት ይዘሽ ሂጂ፤ እዚያ ፌስታል የሚሰጥሽ የለም።